ባዶዋን የምትራገጥ ፒካፕ

ፒካፓችን መጀመሪያ ለስላሳ ነበረች። ይህን በናፍቆት የምናገረው አሁን ነው እንጂ ያኔ ልስላሴዋን የማየው እንደ በሽታ ነበር። የኋላ ባሌስትራዋ፣ ያ እየተደራረበ የሚታሰረው የብረት ዝርግ፣ ከእርጅና የተነሣ ቅስቱን አጥቶ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የውኃ ተሳቢውን ስናስርባት ኋላዋ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ከፍ ይላል፤ መሪው እጅ ላይ ይቀላል። አመሻሽ ላይ መብራቷ መንገዱን ትቶ የግራሩን ጫፍ ነው የሚያበራው። የከተማችን የኮኪት ሰው ለቀልድ ማን ብሎት! «ጨረቃ ጠባቂዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል። መኪናዬ ስትሰደብ የተሰደብሁ እኔው ራሴ እየመሰለኝ እቸገራለሁ። ያቺን ልስላሴ የሚወዱላት አባቴ ብቻ ነበሩ። ወገባቸውን ያማቸው ነበርና።

ቀልዱስ ቀልድ ነው፤ ችግሩ ውኃው ነበር። ከኮኪት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው እርሻችን አጠገብ ጉድጓድም ምንጭም የለም። ሰሊጥ የሚያጭዱት ሰዎች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚወርዱት፣ የሚጠጡትም የሚያበስሉበትም እኔ በተሳቢው ቦቴ ጎትቼ የማመጣውን ነው። ውኃ ከዘገየ ማጭዳቸውን ጥለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ በዚያ ሙቀት ማን ይፈርድባቸዋል? መንገዱ ደግሞ ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት መኪና ይውጣል፤ ዝናቡ ሲያቆም ትራክተር የቦረቦረው ሁሉ እንዳለ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። አንድ ቀን ባሌስትራዋ እዚያ መሐል ተሰብሮ ቦቴው እንደሞላ መንገድ ላይ ቀረ። ሳሉጎቹ ጀሪካን ይዘው በእግራቸው መጥተው ቀዱ። አንዱ ጎጃሜ «ጌታው፣ ውኃ አመጣህልን ወይስ ውኃ ቀጂ አደረግኸን?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ የተሰበረውን በጎማ ጠፍሬ፣ እያነከሰች ወደ መተማ ዮሐንስ ነዳኋት።

መካኒኩ ብዙ ዘመን ከድንበሩ ማዶ የሠራ፣ ዓረብኛና አማርኛ እየደባለቀ የሚያወራ ግዙፍ ሰው ነው። አጎንብሶ ከሥር አያት፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሳቀ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ይቺ እኮ ባሌስትራ የላትም። የባሌስትራ ትዝታ ነው ያላት።»

«እንግዲያው አጠንክራት» አልኩት። «ቦቴ እየጎተተች፣ ጆንያ ተጭኖባት፣ ዋልካ ላይ ሆዷ እንዳይነካ አድርገህ ሥራልኝ።»

ሥራውን ከአጠገቡ ሳልለይ ነው ያየሁት። ከተጣለ የጭነት መኪና የተፈታ ወፍራም ባሌስትራ አመጣ፤ በልኩ ቆረጠው፤ እሳት ውስጥ ከትቶ እየቀጠቀጠ ቅስት አወጣለት፤ መሐሉን በስቶ ከነባሩ ሥር ደረበው። ከአክሱሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች በረዣዥም ቀየረ። ያረጁትን ጎማ ቡሾች በመዶሻ አወጣና አዲስ አስገባ። ንረቱን የሚያበርዱትን አሞርዛተሮች ጥሎ ክንዴን የሚያህሉ ገጠመላት። የፊቷንም ከፍ አደረገው። ተሳቢውን የምታስርበትን ጋንች ደግሞ ከኋላ መከላከያ ብረቷ ፈትቶ፣ ወፍራም ላሜራ አስደግፎ ሻንሲዋ ላይ በየደው። ሲጨርስ ኋላዋ ተነሥቶ፣ ደረቷን ነፍታ ቆማለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልጅ የተዳረልኝ ነው የመሰለኝ። ዞርሁ፣ ከጎን አየኋት፣ ከኋላ አየኋት፤ እንደገና ዞርሁ።

ቁልፉን ሲሰጠኝ መካኒኩ እጄን ያዝ አደረገኝ።

«ስማኝ። ፋዲ ሆና አትንዳት። ባዶዋን ትራገጣለች። ጭነት ካጣህ አሸዋ በጆንያ ሙላና ከኋላ ጣልባት።»

«አሸዋ ልሸከም ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ያሠራሁት?»

«ወገብህ ይነግርሃል» አለኝ እየሳቀ።

ወገቤ ምንም አልነገረኝም። ያኔ ወገቤ ደህና ነበር። ባዶዋን ወደ ቤት ስነዳ ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ ስወድቅ እንደ ጨዋታ ነው የቆጠርሁት። ስትጫንማ ምን ልበል! ቦቴው ሞልቶ፣ ከላይ ዱቄትና ሽንኩርት ተደርጎ፣ ሳሉጎቹ ጆንያው ላይ ተኮልኩለው ስትሄድ ዋልካውን የምትዳብሰው ነው የሚመስለው። ውኃ ሳይዘገይ ይደርስ ጀመር። የኮኪት ቀልደኞችም አፋቸውን ያዙ። እኔ ግን ባገኘሁበት ሁሉ ስለ መኪናዬ ማውራት አላቆምሁም፤ ሚስቴ «ያቺን ፒካፕ ለምን አታገባትም?» ብላኛለች።

እርሻው የአባቴ ነው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ሳሉግ ሆነው ነው ወደዚህ የወረዱት። ጓደኞቻቸው አጨዳው ሲያልቅ ወደ ደጋ ተመለሱ፤ እሳቸው ቀሩ፤ ጫካውን በምሳር መንጥረው ያን መሬት አቀኑ። ስለ አመጣጣቸው ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚደግሙት ነገር ነበራቸው፦ ሲመጡ ሰሊጥ ሊጭን በሚወርድ ባዶ ሎሪ እንደመጡ፣ እንደተንገላቱ፣ ለገና ዘመድ ሊጠይቁ ሲመለሱ ግን ጭነት በያዘ ሎሪ ላይ ጆንያ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሄዱ። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼዋለሁ ማለት ግን በጆሮዬ አልፏል ማለት ነው እንጂ አንድም ቀን ቁም ነገር ብዬ አላዳመጥሁትም።

በማወራላችሁ ዓመት አባቴ እርሻውን ካዩ ቆይተዋል። ማጭድ ይዘው ያጎነበሱበት ወገብ ጨርሶ ከድቷቸው፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ዱላቸውን ይዘው ነበር የሚውሉት። ከሁሉ የሚናፍቃቸው ሂላው ነበር። የታጨደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ ይታሰርና ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ ሂላ የምንለው ያንን ነው። ደርቆ ፍሬው አፉን እስኪከፍት ብቻ ነው የሚቆመው። ከዚያ ነፋስ ሳይቀድመን ሸራ ላይ ገልብጠን እናራግፈዋለን። ከተራገፈ በኋላ እርሻው ባዶ መሬት ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። «ሂላው ቆሞ ካላየሁት የሰው እርሻ ነው የሚመስለኝ» ይሉ ነበር አባቴ።

አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ ጠሩኝ።

«ሂላ ቆሟል አሉ?»

«ቆሟል አባዬ። ዘንድሮስ ያምራል።»

«እንግዲያው ነገ ውኃውን ስትወስድ ልሂድ። ከጭነቱ ጋር ውሰደኝ።»

«ኧረ አባዬ! ከጭነት ጋርማ አይሆንም። እሑድ ሳሉጎቹ ያርፋሉ፤ መኪናዋን ባዶ አድርጌ፣ እርስዎን ብቻ ይዤ እወስድዎታለሁ።»

«ባዶ ለምን? ከጭነቱ ጋር ይሻለኛል።»

ይሻለኛል ነው ያሉት። ቃሉ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ግን ለነዳጄ ያዘኑልኝ መሰለኝ፤ ላስቸግረው አይገባም ብለው በይሉኝታ የተናገሩት መሰለኝ። በይሉኝታ የታሰርሁስ እኔ ነበርሁ። በዓይኔ የታየኝ የኮኪት ሰው በር በሩ ላይ ቆሞ «አባቱን ከሽንኩርት ጋር ጭኖ ሄደ» ሲል ነው። መሬቱን አቅንተው ለሰጡኝ ሰው ባዶ መኪና ማቅረብ ትልቅ ክብር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሚስቴ ማታ እራት ላይ «እሳቸው ያሉህን ብታደርግ ምናለበት?» ብትለኝ «የአባቴን ክብር አንቺ አታስተምሪኝም» ብዬ ጮኽሁባት። ሰሐኗን አንሥታ ወጣች።

እሑድ ጠዋት ፒካፗን እንደ ሙሽራ መኪና አሰናዳኋት። ተሳቢውን ፈታሁ። ከኋላ ያለውን ገመድ፣ ጀሪካን፣ አካፋ፣ ትርፍ ጎማዋን ሳይቀር አወረድሁ፤ ሲንገጫገጭ እንዳይረብሻቸው ብዬ። አጠብኋት። ጋቢናው ውስጥ ትራስ አነጠፍሁ። አባቴ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ የደህና ቀን ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። የተራቆተውን የፒካፗን ጀርባ አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከዚያ ዱላቸውን አቀበሉኝና ጋቢናው ውስጥ ገቡ። ያልተከራከሩኝ ደክሜ እንዳዘጋጀሁ ስላዩ ይመስለኛል።

ከቤታችን ወደ አስፋልቱ ለመውጣት አንድ ፈፋ አለ፤ በበጋ ውኃ የለውም። ፈፋው ውስጥ ስንገባ ኋላዋ ተነሥቶ ረገጠን። አባቴ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አይዞህ» አሉኝ፤ እኔን። አስፋልቱን ተሻግረን ወደ እርሻው መንገድ ገባን። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ዋልካው ደርቋል፤ የትራክተሩ ጎማ የሠራው ቦይ ሁሉ ጠርዙ እንደ ምላጭ ሆኗል። ያ የኮራሁበት ወፍራም ብረት የሚያጎብጠው ክብደት አጥቶ እያንዳንዷን ጉድጓድ ሳይቀንስ ለአባቴ ወገብ ያቀብላል። ቀስ ብዬ ብነዳ በየጉድጓዱ ተራ በተራ ይመታቸዋል፤ ፈጠን ብል ከመቀመጫው እያነሣ ያፈርጣቸዋል። ፊታቸው በላብ ተጠመቀ።

«ልቁም አባዬ?»

«ሂድ።»

ሄድሁ። አንድ ተሻጋሪ ቦይ ላይ ስንደርስ ፍሬን ብይዝም ኋላዋ እንደገና ዘለለ፤ አባቴም ጮኹ። በሕይወቴ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። መኪናዋን አቁሜ በእሳቸው በር በኩል ዞርሁ። መውረድም አልቻሉም፣ ቀጥ ብለው መቀመጥም አልቻሉም፤ ግንባራቸውን ከፊት ለፊታቸው ባለው ዳሽቦርድ ላይ አስደግፈው ያቃስታሉ። እኔ በሩን ይዤ ከመቆም በቀር የማደርገው ጠፋኝ። ሂላው ከዚያ አይታይም፤ ፊት ለፊታችን ካለው ጉብታ ማዶ ነው። ያችን ጉብታ ብንወጣ ኖሮ ያዩት ነበር።

ቆይተው ቀና አሉና ግራና ቀኙን አማተሩ።

«በዚህ አገር ድንጋይም የለ» አሉ።

እውነት ነው፤ ዋልካ ሜዳ ላይ ድንጋይ አይገኝም። ሕመሙ እያስቀባዠራቸው መሰለኝ። «ድንጋይ ምን ያደርጋል አባዬ?» አልሁ። «መልሰኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። ስንመለስ በየቦዩ «ይቅርታ አባዬ» ስል ነበር፤ እሳቸው «ምንም አይደል» ለማለት እንኳ አቅም አልነበራቸውም።

አልጋ ላይ ዋሉ። ወጌሻ መጣ፣ አሸ፣ ሄደ። እኔ ጥፋቱን በሙሉ መኪናዋ ላይ ጣልሁና ተናድጄ መካኒኩ ዘንድ ሄድሁ። «ያን ብረትህን ፍታልኝ፣ አባቴን ልትገድልብኝ ነበር» ብዬ ጋራዡ በር ላይ አምባረቅሁ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«ባዶዋን ነበረች?»

«አዎ፤ ለክብራቸው ብዬ ነዋ!»

«አሸዋስ አልጫንህም?»

አባቴ ከጭነቱ ጋር ይሻለኛል ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ባዶው ሎሪም፣ ጆንያ ላይ የወሰዳቸው እንቅልፍም ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው ድንጋይ የፈለጉት ጀርባዋ ላይ እንድጭንላቸው እንደነበር፣ ክብደት ትሆን የነበረችዋን ትርፍ ጎማ እንኳ በገዛ እጄ አውርጄ እንደሄድሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ከመተማ እስከ ኮኪት ድረስ ራሴን እየሰደብሁ ነዳሁ።

በማግስቱ ቦቴውን ሞልቼ ልወስዳቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን ገና ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ አልቻሉም። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። አፉን ከፍቷል፤ ነፋሱ ተነሥቷል፤ አንድ ቀን ባሳድር መሬት ላይ ነው የሚቀረው። በየቀኑ ውኃ ይዤ እሄዳለሁ፤ በየቀኑ የቆመው ሂላ ያንሳል። ሳሉጎቹ እየዘፈኑ ሲያራግፉ እኔ ቆሜ «ይችን ብቻ ተዉልኝ» ለማለት ይቃጣኛል። አንዱን ሂላ አስቀርቼ ነበር። ነፋሱ ሲበረታ፣ ፍሬው ሲረግፍ አየሁና እሱንም አስገለበጥሁት። ያን ማስገልበጤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምን ቢረግፍ ምናለበት? አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ የሰሊጥ ወራት አላገኙም።

አባቴ ቆመው መሄድ ሲጀምሩ እርሻው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። የመጨረሻው ሰሊጥ በጆንያ ሆኖ ፒካፗ ላይ ተጭኖ ግቢያችን አድሯል፤ ጠዋት ገንዳ ውኃ ከተማ ወደ መጋዘን ላደርሰው ነው። እሳቸውም ለወገባቸው እዚያው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። በሚኒባስ ልልካቸው ሳስብ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጥተው ፒካፗ አጠገብ ቆሙ።

«ከጭነቱ ጋር እሄዳለሁ» አሉ።

«እሺ አባዬ» አልሁ። ደግፌ አስገባኋቸው። ሚስቴ ከበሩ ላይ ቆማ እያየችን ነበር።

ፈፋው አፋፍ ላይ ስንደርስ አባቴ የበሩን እጀታ አጥብቀው ያዙ። ማርሽ ቀንሼ ገባሁ። ፒካፗ ዝቅ አለች፣ ወጣች፤ በቃ። የሚቀጠቀጥ ነገር የለም፣ የሚዘል ነገር የለም። ባሌስትራው ከሥራችን ጎበጥ ብሎ ሲመለስ ብቻ ተሰማኝ። የአባቴ እጅ ሥራ ፈቶ እጀታው ላይ ቀረ። ዞር ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ የልጅ ደስታ ነበር።

«ደህና ናት እኮ!» አሉ። «መኪናህ ምን አላት!»

«ጭነት ስለያዘች ነው አባዬ።»

«ብዬህ አልነበረም?» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያው እንደ ጨዋታ።

አስፋልቱ ጋ ደረስን። የገንዳ ውኃን አቅጣጫ ይዤ ልታጠፍ ፍሬቻ አበራሁ። ፊት ለፊታችን፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የእርሻው መንገድ ይታያል። አባቴ በዱላቸው ጠቆሙኝ።

«እንዲህ ከሆነችማ ቀጥ በል። ሐኪሙ የትም አይሄድ። ሂላውን ልየውና እንመለሳለን።»

ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሁላችንም ሌላው የነገራቸው መስሎን ነው። ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ይላል። ውሸት ብፈልግም አጣሁ።

«አባዬ፣ ሂላው ተራግፏል» አልሁ። «እርሻው ላይ ምንም የለም። ያለው ሁሉ ይኸው ከኋላችን ነው።»

ወገባቸው የፈቀደላቸውን ያህል ዞር ብለው በኋላ መስታወቱ ጆንያዎቹን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ያን ቀን መንገዱን ያለሰለሰላቸው ያ የተራገፈው ሰሊጥ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ።